ከሽቦ ወዲያ የሚወለዱ

ጋምቤላ ላይ ጦጣ ብርቅ አይደለችም። ማንጎ ሲበስል ከባሮ ዳር ዛፎች ወርዳ ከግቢ ግቢ ትዞራለች፤ ግማሹን ነክሳ ትጥላለች፣ ግማሹን ጉንጯ ውስጥ ትወሽቃለች፣ ውሻ ሲጮህባት ቆርቆሮ ላይ ወጥታ ቁልቁል ታየዋለች። እናቶች ድንጋይ አንስተው ያባርሯታል እንጂ «ዘንድሮ ስንት ወለድሽ?» የሚላት የለም። የልጆቿን ቁጥር ድርቁ፣ ነብሩ፣ ንስሩና የማንጎው ዓመት ይወስኑላታል።

ጥያቄው የሚመጣው ከሽቦ ጋር ነው። ጦጣዋን ከዛፍ አውርደህ ከሽቦ ወዲያ ስታስገባት ድርቁንና ነብሩን አስቀረህላት፤ ምግቧም በሰዓቱ ይመጣላታል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚወልድ፣ ከማን እንደሚወልድ፣ የተወለደውም የት እንደሚያድር የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። «እኔ ምንም አላደረግሁም» የሚለውም ወስኗል። ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ያስረዳኝ አንድ የሆቴል ጓሮ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤተሰቦቼ በ1977 ዓ.ም ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። እንጀራዬ ከብትና ፍየል ነው፤ ገንዲ፣ መዥገር፣ አልወጣ ያለ የእንግዴ ልጅ። ጦጣ የሚያስጠራኝ አልፎ አልፎ ነው፣ እሱም የተነከሰ ሰው ሲኖር። በግንቦት 2017 ግን አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ የሆቴል ባለቤት ደወሉልኝ። «ዶክተርዬ፣ ሚሚ ደግሞ ከበዳት መሰለኝ። እስቲ ብቅ በልልኝ።»

ሚሚ ጦጣ ናት። ወደዚያ ግቢ የገባችው ከብዙ ዓመት በፊት፣ በባጃጅ፣ በብስኩት ካርቶን ውስጥ ሆና ነው። የጦጣ ሕፃን ወደ ሰው እጅ የምትገባበት መንገድ ብዙ አይደለም። እናት ጦጣ ልጇን ጥላ አትሸሽም፤ ሆዷ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ሕፃን ካየህ፣ የሆነ ቦታ አንዲት እናት ወድቃለች ማለት ነው። ሴትዮዋ ይህን አላወቁም ነበር፤ አዝነውላት በጡጦ አሳደጓት። እንግዶች ወደዷት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ለስላሳ አጠጧት። ሦስት ዓመት ሲሞላት መናከስ ጀመረች። አንድ ደንበኛ «ብቸኝነት ነው እማማ፣ ትዳር ያስፈልጋታል» አለና በሳምንቱ ወንድ ጦጣ አምጥቶ ሰጣቸው። ነጭ ሪዙንና አረማመዱን አይተው ሻምበል አሉት። የሽቦ ቤት ተሠራ፣ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ሁለቱም ገቡ። ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ማንም ጦጣ ሊያረባ አላሰበም።

እኔ ስደርስ በዚያ ቤት ውስጥ አምስት ነበሩ። ሚሚና ሻምበል፣ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጃቸው፣ የሁለት ዓመት ወንድ ልጅ፣ ገና ዓመት ያልሞላው ሌላ ወንድ። ርዝመቱን በእርምጃዬ ለካሁት፤ አምስት በአራት። ጓሮውን የሚጠብቀው የኑዌር ልጅ ሚሚን በሙዝ አባብሎ ወደ ሽቦው አስጠጋልኝ፤ ሆዷን በጣቴ ዳበስኩ። እርጉዝ ናት። የጦጣ እርግዝና አምስት ወር ተኩል ያህል ነው፤ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች አልኩ።

«እኮ ምን ላድርግ? በየዓመቱ ነው እኮ!» አሉ ሴትዮዋ።

በየዓመቱ መሆኑ አያስገርምም። ዱር ያለች ጦጣ አንዱን ልጅ እስክታሳድግ ሁለት ዓመት ሊያልፋት ይችላል፤ ከሲታ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፣ ታጠባለች። ከሆቴል ኩሽና የእንጀራ ፍርፋሪና ድንች በሳህን የሚቀርብላት ግን ሰውነቷ «ጥጋብ ነው፣ ውለጂ» ይላታል። ዝንጀሮ ብትሆን ኖሮ መቀመጫዋ አብጦ ቀልቶ ወቅቷን ለሁሉም ታሳውቅ ነበር። ጦጣ ይህ ምልክት የላትም። እሷ ስትፈልግ ማንም ሳያውቅ ይሆናል፤ አንተ የምታውቀው ሆዷ ሲገፋ ነው። «ወቅቷን ጠብቀን እንለያቸው» የሚባለው ዘዴ ለዚህ ነው ለጦጣ የማይሠራው።

ከሚሚ እርግዝና ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ልጅቷ ነበረች። ሦስት ዓመት ማለት ለሴት ጦጣ ለአቅመ ሔዋን መድረስ ነው። በዚያ ቤት ያለው አዋቂ ወንድ ደግሞ አባቷ ብቻ ነው። እናቴ የጋብቻ ነገር ሲነሳ ጣቷን እያጠፈች ሰባት ቤት ትቆጥር ነበር። ጓሮ ጠባቂውም ነገሩን ሳስረዳው ፊቱን አጨማዶ «እኛ ጋ ይሄ በጣም ከባድ ነገር ነው፤ በሽታ ያመጣል» አለኝ። ጦጣም ብትሆን የራሷ ዘዴ አላት፤ የምትቆጥረው በእግር ነው። ሴቶቹ በተወለዱበት መንጋ ይኖራሉ፤ ወንዶቹ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው መንጋውን ትተው ባዕድ መንጋ ይገባሉ፣ ከዓመታት በኋላም ብዙ ጊዜ ደግመው ይቀይራሉ። በዚህ ምክንያት ልጅ ስትደርስ አባቷ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዛፍ ላይ ነው። አምስት በአራት እርምጃ ቤት ውስጥ ግን የሚኬድበት የለም። ሽቦው ነውራቸውን የሚጠብቁበትን መንገድ ነው የዘጋባቸው።

ይህ የአንድ ሆቴል ጓሮ ጣጣ ብቻ አይደለም። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን የማያውቅ የለም፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበቤ ልጁን ይዞ ሲሄድበት የኖረ ቦታ ነው። በኅዳር 1999 ዓ.ም በዓለም ዜና ላይ የወጣው ግን ሌላ ነበር፤ የአንበሳ ደቦሎች በመርዝ ይገደሉና ቆዳቸው ለማድረቅ ይሸጥ እንደነበር ኃላፊዎቹ ራሳቸው ተናገሩ። ምክንያታቸው ቦታና ገንዘብ የለንም የሚል ነበር። አንበሶቹ ይወልዳሉ፣ ማደሪያው ያው ነው፣ ሥጋ ይገዛል። ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ በገዳዮቹ ላይ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። ወንዱና ሴቷ ለምን አንድ ላይ ታደሩ ብሎ የጮኸ ግን አላጋጠመኝም። ሞቱ የተወሰነው ደቦሉ ሲወለድ አልነበረም፤ በሩ ሳይለይ በታደረባቸው ሌሊቶች ነው።

የሚገርመው፣ ሴትዮዋና እኔ ምን እንደምናደርግ ስንመካከር በሰነበትንበት በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ 2017፣ የጀርመኑ የኑረምበርግ መካነ እንስሳት 12 የጊኒ ዝንጀሮዎችን በጥይት ገደለ። ማደሪያው የተሠራው ለ25 አዋቂዎችና ለልጆቻቸው ነበር፤ ቁጥራቸው ከ40 አልፎ እርስ በርስ መቋሰል ጀምረው ነበር። ሌላ ተቀባይ ተፈለገ፣ በቂ አልተገኘም። የወሊድ መከላከያም ተሞክሮ አልሠራም ተባለ። ሰዎች በር ላይ ተሰልፈው ተቃወሙ። ሥጋውም ለሥጋ በል አራዊት ተሰጠ። ዜናውን ስልኬ ላይ ለሴትዮዋ ሳነብላቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ጀርመን? ጀርመን ነው ያልከኝ?» አሉ። ገንዘብና ዶክተር ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ጓሮ ምን ሊሆን ነው ማለታቸው ነው።

ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። ለንደን ላይ እ.ኤ.አ. በ1925 ለጎብኚ ተብሎ የዝንጀሮ ኮረብታ ተሠርቶ መቶ ያህል ዝንጀሮዎች ተለቀቁበት፤ ዘራቸው እኛ አዋሽና ኤረር በረሃ ላይ የምናየው ባለ ጎፈሬው ዝንጀሮ ነው። ወንድ ብቻ ይሁኑ ተብሎ ጥቂት ሴቶች ተቀላቅለው ገቡ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ 30 ሴቶች ተጨመሩ። ወንዶቹ በሴቶቹ ላይ ተራኮቱ፤ ሴቶቹ በመጎተት ብዛት አለቁ፣ የተወለዱት ሕፃናትም አብዛኞቹ ሞቱ። ሶሊ ዙከርማን የሚባል ሰው ይህን አይቶ ስለ ዝንጀሮ ኑሮ መጽሐፍ ጻፈ፤ ዓለምም ዝንጀሮ ማለት ይህ ነው ብሎ አመነ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኤረር ድረስ መጥቶ በገደሉ ላይ ሲመለከታቸው ያገኘው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ወንድ የራሱን ሴቶች ይዞ ይሄዳል፣ የሌላውን ግን አይነካም፤ የሚተዋወቁ ወንዶች የአንዳቸውን ትዳር ያከብራሉ። ለንደን ላይ የጎደለው ምግብ አልነበረም። የማይተዋወቁ እንስሳት በአንድ ጊዜ፣ ባልተመጠነ ቁጥር ተዘርግፈው ነው የተፋጁት። ስለዚህ «አንድ ሁለት ወንድ እንጨምር፣ ልጅቷ ከአባቷ ትድናለች» ያለኝን ሰው አልሰማሁትም።

በተቃራኒው ደግሞ መውለድ የሚፈለግበት ዓለም አለ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1978 ዝንጀሮዎቿን ለምርምር መላክ ስታቆም አሜሪካኖች በየግዛታቸው ማርቢያ ማስፋፋት ነበረባቸው። የእኛዋ ጦጣ ዘመዶችም በዚህ ውስጥ አሉበት። በባሪያ ንግድ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ ካሪቢያን ደሴቶች የደረሱ ጦጣዎች ነበሩ፤ ከነሱ ልጅ ልጆች ከሴንት ኪትስ 57 ተወስደው በአሜሪካ ትልቅ የምርምር መንጋ ተመሥርቷል። እዚያ እያንዳንዷ ቁጥር አላት፣ እናቷና አባቷ ተመዝግበዋል፤ ዝምድና እንዳይጠብ ወንድ በየጊዜው ይቀየራል፣ ሴቶቹ ከእናቶቻቸው ጋር እንዲቆዩ ይደረጋል። ራይነ በምትባል የጀርመን ከተማ ደግሞ የሰሜን ጭላዳዎቻችን የአውሮፓ ዘር መዝገብ ይያዛል፤ የትኛው ወንድ የትኛው አገር ሄዶ ማንን እንደሚያገባ ወረቀት ላይ ይወሰናል። የእኛ ሰው «የዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» ይላል። ይመራርጣሉ እንጂ! ሥራቸው እሱ ነው። የማያስወልደውም የሚያስወልደውም አንድ ዓይነት ደብተር ነው የሚይዘው፤ ሴትዮዋ ያልነበራቸው ያ ደብተር ነበር። ያን ቀን ከቤታቸው የሂሳብ ደብተር ጀርባ ላይ የአምስቱንም ስም፣ የተወለዱበትን ወር፣ እናትና አባት ጻፍን። ወሩን የሚያስታውሰው ጓሮ ጠባቂው ነበር። «ይሄ የጎርፉ ጊዜ፣ ያቺ የገና ሰሞን» እያለ።

ደብተሩ ስንጽፍ ነው አንድ ያልነገሩኝ ነገር የወጣው። የሚሚ የመጀመሪያ ልጅ በሁለተኛው ቀን ሞቷል። «ገልብጣ ነበር የያዘችው፤ እግሩን ወደ ላይ» አለኝ ልጁ። አሜሪካዊው ሃሪ ሃርሎው ከእናታቸው ነጥሎ ያሳደጋቸው ዝንጀሮዎች እናት ሲሆኑ ልጃቸውን የሚይዙበት ጠፍቷቸው ይጥሉ፣ ይገፉ፣ ይጎዱም ነበር። ሚሚ በጡጦ ያደገች ናት፤ እናት እንዴት እንደምትይዝ ከየት አይታ? በሁለተኛው ወሊድ ግን ተማረችው። ይህን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህችን ጦጣ «ከዚህ በኋላ አትወልጂም» ማለት ከባድ ሆኖ ታየኝ።

አማራጮቹን አንድ በአንድ አነሳን። መልቀቅ? ሁሉም ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ ባሮ እዚያ ነው፣ ዛፉም እዚያ ነው። ግን ሰው ቤት ያደገ ጦጣ የሰውን ሳንባ ነቀርሳ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል፤ ወንዝ ዳር ያለው መንጋም ባዕድ ቤተሰብ እጁን ዘርግቶ አይቀበልም። ደግሞ እነዚህ ሰው አይፈሩም፤ በማግስቱ የሰው ኩሽና ገብተው በዱላ ይሞታሉ። መላክስ? ሆለታ አቅራቢያ ያለው እንሰሳ ኮቴ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶች፣ አቦ ሸማኔዎችና ጦጣዎች የሚጠለሉበት ነው። እንዲህ ያለ መጠለያ እንስሳቱን አያስወልድም፤ አንድ ሕፃን በተወለደ ቁጥር ለአንድ የታሰረ እንስሳ የሚሆን ቦታ ይያዛላ። ሆለታ ግን ከጋምቤላ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሴትዮዋም «እነዚህ ቤተሰቤ ናቸው፣ ከኔ ሳይሄዱ እኔ ልሂድ» አሉ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 መኖሩን፣ ያለ ፈቃድ ማቆየት እንደማይቻል ነገርኳቸው። የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው አዩ፣ መዘገቡ፣ «ከዚህ በላይ እንዳይጨመር» ብለው ሄዱ። እንዴት እንደማይጨመር ለኔ ነው የተተወው።

ለሴት የዱር እንስሳት መካነ እንስሳት የሚጠቀሙበት አንዱ ዘዴ የሰው ነው፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው የሦስት ዓመቱ ዘንግ። ለጦጣ ግን ክንድ ላይ ሳይሆን ትከሻና ትከሻ መካከል ይቀበራል፤ እርስ በርስ ሲቀማመሉ እንዳያወጡት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህንኑ በየቀበሌው ያስገባሉ። የወንድሜ ሚስት ነርስ ናት። ቡና ላይ ነገሩን ሳነሳላት አሳቀቻት። ወዲያው ግን ቆጣ አለች።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ለሰው ተብሎ የመጣ ነው። አንዷን እናት ባዶ እጇን ልመልሳት?»

«አልጠየቅሁሽም እኮ፣ ስለ አሠራሩ ነው።»

«አሠራሩማ ይኸውልህ። ያለውን ዘዴ ሁሉ ፊቷ እዘረጋለሁ፤ እሷ ትመርጣለች። ነገ ሐሳቧን ብትቀይር መጥታ ታስወጣለች። ካልፈለገች ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ያንተዋ ማንን ነው የምትጠይቀው?»

መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። መድኃኒቱ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ አይደለም። የእሷ ሥራ ለሴቲቱ ቁልፉን መስጠት ነው፤ የኔ ሥራ የታሰረ እንስሳ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ መጨመር ነው። ይህን ሳልሸፋፍን ማየት የቻልኩት ከዚያ ቡና በኋላ ነው።

ከዘንጉም ከሦስት ወር መርፌውም ይልቅ ወደ ሻምበል የዞርኩት በተግባራዊ ምክንያት ነው። ሚሚ እርጉዝ ናት፤ ልጅቷን ደግሞ በየጊዜው ይዞ መወጋት ማለት በየጊዜው ማስጨነቅ ነው። አንዱን ወንድ አንድ ጊዜ ብትነካው ግን እናትም ልጅም ይድናሉ። ሴትዮዋ «እንደ ሰንጋ ይኮላሽ» አሉ። ማኮላሸት ለበሬ ጥሩ ነው፤ ያደልበዋል፣ ያረጋጋዋል። ሻምበል ግን ሻምበልነቱን የያዘው በዚያው ወንድነቱ ነው። ልጆቹ ሲጣሉ ገላጋይ እሱ ነው፣ ማታ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ እሱ ነው። ያን ብትወስድበት የቤቱ ሥርዓት ምን እንደሚሆን አታውቅም። ስለዚህ የዘር ማስተላለፊያ ቱቦውን ብቻ ቆርጦ ማሰር፤ ወንድነቱ ሁሉ እንዳለ ይቆያል፣ ልጅ ብቻ አይሰጥም።

ጅማ አብሮኝ የተማረ፣ ትንንሽ እንስሳት ላይ እጁ ያረፈ ወዳጄ ሰኔ ላይ መጣልኝ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን፤ ጋምቤላ ላይ ሙቀቱ ከበረታ ማደንዘዣ የወሰደ እንስሳ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ጓሮ ጠባቂው ሻምበልን በሙዝ ወደ ትንሿ ሳጥን አስገባልን። ጭምብልና ጓንት አድርገን የእህል መጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ አጋደምነው፤ ሴትዮዋ በር ላይ ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ እርጥብ ጨርቅ እየነከሩ ያቀብሉናል። ሥራው ራሱ አርባ ደቂቃም አልፈጀ። ሲነቃ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ሽቦውን ይዞ እኔ ላይ ጥርሱን ማውጣት ነበር።

የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቱቦው ቢቆረጥም ከበላይ ያለው ዘር ለሳምንታት ይቆያል፤ ሁለት ወር ያህል ከሴቶቹ መለየት አለበት። ፈጽሞ ብትለየው ደግሞ ሲመለስ እንደ ባዕድ ሊቀበሉት ይችላሉ። ቤቱን መሃል ለመሃል በሽቦ ከፈልነው። ሁለት ወር ሙሉ ሚሚ ጀርባዋን ሽቦው ላይ ታስደግፋለች፣ እሱ ጣቱን አሹልኮ ይቀምላታል። የሆቴሉ እንግዶች «ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» ይሉ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ባሮ ሞልቶ ቡናማ ሆኖ በሚወርድበት ሰሞን፣ ሚሚ በሌሊት ወለደች። ፀጉሯ ጥቁር፣ ፊቷ ሮዝ፣ ጆሮዋ ከራሷ የሚበልጥ ሴት ልጅ። ሚሚ ቀጥ አድርጋ ነው የያዘቻት። በአራተኛው ቀን ታላቋ እህት ተቀብላ አቅፋ መዞር ጀመረች፤ ሴት ጦጣ እናትነትን የምትማረው እንዲህ ነው፣ የሰው ልጅ ተበድራ። እኔ ግን ይህችኛዋ የራሷን እንዳታቅፍ ያደረግሁ ሰው ነኝና ብዙ ማየት አልፈለግሁም። ሴትዮዋ ሁለታችንንም አዩን። «የመጨረሻዋ ናት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

«እንግዲህ ስሟን እኔ አላወጣም። አንተ አውጣላት።»

አላወጣሁም፤ እስካሁን «ትንሿ» ነው የምትባለው። መስከረም ላይ የመሃል ሽቦው ተነሳ። ሻምበል ገብቶ አንዴ ዞረ፣ ሚሚ አጠገብ ተቀመጠ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እርግዝና የለም። እንግዶች ሕፃን ጦጣ ሲያጡ ከበፊቱ ቀነስ አሉ፤ ለስላሳ ማጠጣቱንም ሴትዮዋ ከልክለዋል። ቤቱ በጎን በኩል ሦስት እርምጃ ተጨምሮለታል። በካርቶን አዲስ ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ነበር አሉ፤ ጓሮ ጠባቂው በር ላይ እንዳለ መልሶታል። ካርቶኑ ወደየት እንደሄደ አላወቀም።

ባለፈው መጋቢት ልመለከታቸው ስሄድ ሁለት ዓመት የነበረው ወንድ አድጎ ሻምበል ፊት መጎረር ጀምሯል። ዱር ቢሆን ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንገድ ይጀምር ነበር። እዚህ ያሉት ሴቶች እናቱና እህቶቹ ናቸው። ሴትዮዋ የሂሳብ ደብተሩን አምጥተው ጀርባውን ገለጡልኝ፤ ከስሙ ጎን «2019 ሰኔ፣ በጠዋት» ብዬ ጻፍኩበት።